እንደራሴው ፊቱን ወዴት ያዞራል? የአምቦና የምዕራብ ሸዋ የምርጫ ታሪክ

«እንደራሴ» የሚለው ቃል በአገራችን የመንግሥት ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተሹሟል። የመጀመሪያው ሹመት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በማይገኙበት አገር በእርሳቸው ፈንታ እንዲያስተዳድር የሚልኩት ሰው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባል ነበር። ከ1945 ዓ.ም. በኋላ በኤርትራ የተቀመጡት ታላላቅ ሹማምንት የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። ሁለተኛው ሹመት ከታች ወደ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ገብቶ ሊናገርበት ወደማይችለው ምክር ቤት የሚልከው ሰው የሕዝብ እንደራሴ ተባለ። ቃሉ አንድ ሲሆን መንገዱ ሁለት ነው። እኛም የአንድ አካባቢን የእንደራሴነት ታሪክ ለማጥናት ስንነሣ አስቀድመን የጠየቅነው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው በወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ላከው ሕዝብ ነው ወይስ ወደ አስቀመጠው ኃይል?

ለጥናታችን የመረጥነው አምቦንና በዙሪያዋ ያሉትን የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ የሚደርሰው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ ይቀጥላል። የዚህ አገር ሕዝብ እህሉን የሚሸጠው፣ ልጁን የሚያስተምረው፣ አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው ወደ ዋናው ከተማ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ቢሰማው ቶሎ ያውቃል፤ ባይሰማውም ቶሎ ያውቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አምቦ «ሀገረ ሕይወት» እየተባለች በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አዲስ ዓለምና ሆለታ ግን የሚቆጠሩት በመናገሻ አውራጃ ነው። እንግዲህ ዛሬ ምዕራብ ሸዋ የምንለው አገር ያን ጊዜ በአንድ አስተዳደር ሥር አልነበረም፤ አንባቢም ይህን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

ፓርላማ የሚለው ስም ከመምጣቱ በፊት ይህ አገር ሸንጎ አያውቅም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ይሰበሰብበት የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ በኢሉ ገላን ወረዳ ነው፤ ሜጫዎችም ሕጋቸውን የሚጠሩት በማኮ ቢሊ ስም ነው። በገዳ ሥርዐት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጉባኤው በለምለም መስክ ላይ ስለሚደረግ ጨፌ ይባላል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የተባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ሥርዐቱ ሴቶችን ከመሪነቱ ያገለለ መሆኑን አንሸሽግም። ነገር ግን የሹሙ ዘመን በሹሙ ፈቃድ ሳይሆን በዓመታት ቁጥር እንዲያልቅ ማድረጉ፣ ኋላ ከመጡት ሕገ መንግሥቶች አንዳንዶቹ ያልደረሱበት ነገር ነው።

ዘመናዊው ፓርላማ የመጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 በተሰጠው ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አንደኛው የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የመምሪያውን አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ይመርጧቸዋል ተባለ። ሕዝቡ መቻሉን መርምሮ የሚመሰክረው ማን እንደ ሆነ ሕገ መንግሥቱ አይናገርም። በመካከሉ የኢጣሊያ ወረራ መጣ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላም አሠራሩ በዚያው ቀጠለ። በዚህ ዓይነት የጅባትና ሜጫ ገበሬ ያልመረጠው እንደራሴ ነበረው። ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወንበሩን ያገኘው ከሹሙ ነውና ምስጋናውም ፍርሃቱም ለሹሙ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ረዘም ያለ ምርመራ ይገባዋል። ጥቅምት 24 ቀን 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በዚያው ዓመት የመምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 152 ወጣ። ሕገ መንግሥቱ አገሩን እያንዳንዳቸው 200,000 ያህል ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክፍሎች እንዲከፈል አዘዘ፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለየ50,000ውም አንድ ይታከልለታል።

ይህ የ30,000 ቁጥር ለአምቦ ቀላል ነገር አልነበረም። ከተማይቱ በ1987ቱ ቆጠራ እንኳ የነበራት ሕዝብ 27,636 ነው፤ 48,171 የደረሰችው በ1999ኙ ቆጠራ ነው። ስለዚህ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሙሉ አምቦ የራሷ የከተማ እንደራሴ አልነበራትም፤ ድምፅዋ ከገጠሩ ድምፅ ጋር ይደባለቅ ነበር። በከተማይቱ ግን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበረ፤ መምህር፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጋዜጣ አንባቢ ነበረ። ይህ ሁሉ ሰው ተጠራቅሞ አንድ የራሱን ሰው መላክ ሲችል፣ ጭቃ ሹሙና ባለመሬቱ በሚያዙበት ሰፊ ገጠር ውስጥ ተበተነ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አምቦን አስበው አልጻፉትም። ነገር ግን በካርታና በቁጥር ብቻ፣ አንድም ሰው ሳይከለከል፣ የአንድ ወገን ድምፅ ሊሟሟ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ለመምረጥ ዕድሜው 21 የሞላ ወንድም ሴትም ተፈቀደለት። በመስከረም ወር 1950 በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው በመምሪያው ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት መሙላትና በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻ አይበቃም፤ በምርጫው ክፍል የሚኖርና በዚያም የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ችግሩ ያለው በዚህች «ንብረት» በምትባል ቃል ላይ ነው። በመንግሥቱ በራሱ ጥናት በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ከገበሬው ከግማሽ የሚበልጠው በሙሉ ወይም በከፊል የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። እንግዲህ ጭሰኛው ድምፁን ለመስጠት ሙሉ ሰው ነው፤ ለመመረጥ ሲሆን ግን ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። የሚያርሰውን መሬት ባለቤት፣ የመሬትን ሕግ እንዲያወጣለት መርጦ ይልከዋል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ አስቂኝ ነገር ባይኖርም የሚስቅ አልነበረም።

የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም። ስለዚህ ዕጩው ሁሉ የሚቆመው ለብቻው ነው፤ የሚያወጣውም ገንዘብ የራሱ ነው። ይህ ነገር በሁለት መንገድ ጎድቷል። አንደኛ፣ ገንዘብ የሌለው እንዳይቆም አደረገ። ሁለተኛ፣ የተመረጡት ሰዎች ምክር ቤት ሲገቡ በአንድ ሐሳብ የሚቆም ቡድን ስላልነበራቸው እያንዳንዱ ስለ አገሩ መንገድና ትምህርት ቤት ከመለመን አላለፈም። አምቦም ሆነ ጊንጪ ሆስፒታል ቢያምረው ከአንድ ሚኒስትር ደጅ የሚጠና እንደራሴ እንጂ በጀቱን የሚከራከር ወገን አልነበረውም። በ1955 የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲቋቋም ብዙ ሰው ወደ እርሱ የጎረፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ሕዝቡ መንገድና ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ያዋጣ ነበር፤ አቤቱታውንም በማኅበሩ በኩል ያሰማ ነበር፤ ይኸውም በሕግ የተመረጡ እንደራሴዎች እያሉት ነው። መንግሥትም ማኅበሩን ብዙ ሳይቆይ አገደው።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በሕገ መንግሥቱ የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበረ ምክር ቤቱ የሚነጋገረው በአማርኛ ብቻ ነበር። ዕጩው በጉደር ገበያ ወይም በጀልዱ ደጋ ድምፅ የሚለምነው በኦሮምኛ ነው፤ ከተመረጠ በኋላ የሚናገረው በአማርኛ ነው። አማርኛ የማያውቅ ሰው፣ አገሩ የቱንም ያህል ቢያከብረው፣ እዚያ ገብቶ ዝም ከማለት በቀር ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከንብረት ሌላ ቋንቋም የማይጻፍ መመዘኛ ነበር።

ይሁን እንጂ ምክር ቤቱን በሙሉ ከንቱ ነው ብለን ለመጻፍ ሕሊናችን አይፈቅድም። ምርጫው በየአራት ዓመቱ እስከ 1965 ድረስ አምስት ጊዜ ተደርጓል፤ በየጊዜውም ብዙ አዳዲስ ሰዎች ይገቡ ነበር። እንደራሴዎቹ ሚኒስትሮችን ጠርተው የጠየቁበት፣ ከመንግሥት የቀረበውን ሕግ ያረሙበትና የመለሱበት ጊዜ ነበረ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ሲወጣ የቆየው አሥራት ቀርቷል። ነገር ግን ስለ ጭሰኛው ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይቆማል። የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ሕግ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እየተንከባለለ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1958 አውራጃዎች የራሳቸውን ምክር ቤት መርጠው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር፤ ማስፈጸሚያው ግን የፓርላማውን ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። ጅባትና ሜጫን የመሰለ አውራጃ የራሱን ግብር በራሱ ሸንጎ የሚመክርበት በር ከመከፈቱ በፊት ተዘጋ ማለት ነው። የዘጉትም ከየአውራጃው የተላኩት ሰዎች የሚቀመጡበት ቤት አባሎች ናቸው።

በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ይህን ሰልፍ የምናስበው ብዙ ጊዜ እንደ ንጉሡ ተቃውሞ ብቻ አድርገን ነው፤ ነገር ግን የተሰለፉበትን ደጅ እንመልከት። የሄዱት እንደራሴዎቹ ወደሚነጋገሩበት ቤት ነበር። የምርጫ ዕድሜ ያልደረሰላቸው ሳይቀሩ፣ ጭሰኛው ራሱ መርጦ በላከው ሰው ደጅ ላይ ቆመው ስለ ጭሰኛው ጮኹ። ከውስጥ መነገር የሚገባው ከውጭ ተነገረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ፓርላማውን ሲዘጋ ለምክር ቤቱ ብሎ የተነሣ ሕዝብ አልታየም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ግን ሕዝቡ በደስታ ወጣ። እንደራሴዎች በብዙ ዓመት ያልቻሉትን ያልተመረጡ ወታደሮች በአንድ አዋጅ ፈጸሙት። ለምርጫ አምላኪዎች ይህ መራራ ትምህርት ነው፤ ለወታደር አምላኪዎች ደግሞ ተከትሎ የመጣው በቂ ትምህርት ሆኗል።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ የምንለው የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ምክር ቤት ታለፈ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ተመረጡ፤ ለአንድ መቀመጫ እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር፤ የዕጩዎቹን ማንነት የሚቆጣጠረው ግን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ነው። ከሦስት መምረጥ ይቻላል፤ ሦስቱን ማን መረጣቸው ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ለጥናታችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚያ ጊዜ በወጣው አዲስ የአስተዳደር አከፋፈል ሸዋ ተከፍሎ ምዕራብ ሸዋ ራሱን የቻለ አካባቢ መሆኑ ነው።

ከ1983 በኋላ 87 መቀመጫ የነበረው የሽግግር ምክር ቤት ተቋቋመ። በአምቦ አካባቢ ብዙ ደጋፊ የነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር በሰኔ 1984 ከክልላዊው ምርጫ ወጣ፤ ከመንግሥቱም ተለየ። በ1987 በአዲሱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ከ547 መቀመጫዎች 178ቱ ለኦሮሚያ ደረሱ፤ ፓርቲ በሕግ ተፈቀደ፤ የንብረት መመዘኛ ቀረ። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል። በወረቀት ሲታይ ከ1948ቱ እጅግ የተሻለ ነበር። ዋናው ተፎካካሪ በሌለበት ግን መቀመጫዎቹን የያዘው የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሆነ።

በዚህ መካከል የአንድ ሰው ታሪክ ልዩ ሆኖ አግኝተነዋል። ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባልና ለሦስት ዓመታት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1992 ደግሞ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፎ፣ ያን ጊዜ በምዕራብ ሸዋ ሥር ከነበረው ከበቾ ወረዳ በግል ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በቾ ኋላ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ተጠቃልላለች። ፓርቲ በማይፈቀድበት ዘመን የነበሩ እንደራሴ፣ ፓርቲ ሁሉን በያዘበት ዘመን ያለ ፓርቲ ሲመረጡ ማየት የሚያስደንቅ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም ይናገሩ ስለ ነበር ቀደም ሲል ያነሣነው የሁለት ቋንቋ ችግር አልገጠማቸውም። መስከረም 28 ቀን 1994 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ለአሥራ ሁለት ዓመታት አገለገሉ፤ ያረፉት ታኅሣሥ 6 ቀን 2011 ነው። ከበቾ መራጭ አንጻር ግን ምርጫው የተለየ መልክ አለው። የላከው ሰው ሕግ ከሚወጣበት ወንበር ተነሥቶ ሥልጣኑ ከክብር ብዙም ወደማያልፍ ወንበር ተዛወረ።

በ1997 በግንቦት የተደረገው ምርጫ በዚህ ጥናት ውስጥ ብቻውን የሚቆም ነው። የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ በኅብረቱ ጥላ ሥር ሆኖ ተወዳደረ፤ ምዕራብ ሸዋም ዋና መሠረቱ ነበር። ኅብረቱ 52 መቀመጫዎች ሲያገኝ አብዛኞቹ የኮንግረሱ ነበሩ። ቅንጅት 109፣ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴን 11 አገኙ። የኮንግረሱ መሪ ዶክተር መረራ ጉዲና በአምቦ አጠገብ በቶኬ ኩታዬ የተወለዱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። በምርጫው ውጤት ላይ ብዙ ክርክርና ደም መፋሰስ ከተነሣ በኋላ፣ ከቅንጅት ብዙዎቹ ምክር ቤት አንገባም ሲሉ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ገቡ። በዚህ ውሳኔ የተወቀሱ ቢሆንም እኛ ትክክል ነበሩ እንላለን። የተላከ ሰው መልእክቱን ሳያደርስ ከደጅ አይመለስም።

ደጁ ግን ጠብቧል። ሥራውን ሲጨርስ የነበረው ምክር ቤት የሥነ ሥርዐት ደንቡን ለውጦ፣ ቀድሞ 20 አባሎች ሲደግፉት ይያዝ የነበረው አጀንዳ ከግማሽ በላይ ድጋፍ እንዲያስፈልገው አድርጎ ነበር። እነዚህ ሦስት የተቃዋሚ ወገኖች 172 መቀመጫ ቢያገኙም ሁሉም ገብተው ቢሆን እንኳ አንድ ጉዳይ በራሳቸው ሊያስይዙ አይችሉም ነበር። መናገር ይቻላል፤ ስለ ምን እንደሚነገር መወሰን አይቻልም። ቢሆንም የአምቦና የጉደር ሰው የራሱ ንግግር በምክር ቤት ውስጥ ሲነገር በቴሌቪዥን የሰማው በእነዚህ አምስት ዓመታት ነው። ቁም ነገርን በቀልድና በምሳሌ እያዋዙ መንግሥትን መጠየቅ በፓርላማችን ብዙ የተለመደ ስላልነበረ፣ የዶክተር መረራን ንግግር ያልወደደው እንኳ ያዳምጠው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው በምርጫው ቀን የሆነ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ኅብረቱና ኦፌዴን ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተደረጉ ብለው ወጡ። ቀበሌ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለገበሬው ግን ማዳበሪያም፣ ብድርም፣ የመሬት ጉዳይም የሚያልፈው በዚያ ነው። ቀበሌውን የያዘ ወገን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ትልቁን ምርጫ ቀድሞ ይዞታል። በ2002 ግንቦት የኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች ሁሉ በአንድ ድርጅት እጅ ገቡ፤ በ2007ም እንዲሁ ሆነ። በ2007 በመላው አገር ከ547ቱ አንድም ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የሆነ አልነበረም። በኦሮሚያ የንቡ ምልክት ያልቆመበት ወንበር ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የተናገረው ወንበሩ ሳይሆን መንገዱ ነው። በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ወጡ፤ ሰዎችም ተገደሉ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ደግሞ በጊንጪ፣ በኳስ ሜዳውና በጭልሞ ደን ምክንያት የተነሣው ተቃውሞ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛመተ። ምርጫው ከተደረገ ገና ስድስት ወር ያህል ነበር! የሕዝቡ ተወካዮች ሁሉ በመቶኛ ሙሉ በሆነ ድል ከገቡ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያው ሕዝብ ጉዳዩን በእነርሱ በኩል ማድረስን ትቶ አደባባይ ወጣ። በጥር 2008 ዕቅዱ እንዲቆም መወሰኑን ያስታወቀው ኦሕዴድ ነው፤ ጉዳዩ የተቋጨው በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን በድርጅት ስብሰባ ነበር። ዶክተር መረራ በ2009 መጀመሪያ ታስረው ጥር 9 ቀን 2010 ተፈቱ። በሚያዝያ 2010 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሹመታቸው ሳይሰነብት አምቦ ሄደው ሕዝብ ሰብስበው ተናገሩ፤ የአምቦ ክብደት የቱን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ያ ክብደት የተገኘው ግን ከምርጫ ካርድ አይደለም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ ይኸውም ከዶክተር መረራና ከአቶ ቡልቻ ፓርቲዎች ውሕደት የተገኘው፣ መሪዎቹ መታሰራቸውንና ጽሕፈት ቤቶቹ መዘጋታቸውን ገልጾ አልተሳተፈም። የኦሮሞ ነጻነት ግንባርም አልተሳተፈም። በኦሮሚያ በአብዛኛው የምርጫ ክልል ብልጽግና ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። ድምፅ በተሰጠባቸው ጣቢያዎች መራጩ ያን ቀን ሁለት ወረቀት ተቀበለ፤ አንዱ አዲስ አበባ ለሚቀመጠው ምክር ቤት፣ ሁለተኛው የኦዳ ቢሲልን ጉባኤ ስም ለወረሰው ጨፌ።